የኮሌጅ የሥነ ጥበብ ሙዚየምን ከወሎ ሆኖ በኦንላይን ማጥናት

እኅታችን ከወልድያ የጠየቁት፣ ለሥዕል ተማሪዎቻቸው የውጭ ኮሌጆችን ሙዚየሞች በኦንላይን ለማሳየት ሲሞክሩ የምስሉ ብዛት መያዣ መጨበጫ ስላሳጣቸው ከየት ቢጀምሩ እንደሚሻል ነው። እኔም ደሴ ውስጥ በዚሁ መንገድ ሳስተምር ስለቆየሁ የበጀኝን እጽፋለሁ።

በቅድሚያ ዐውደ ርእዩንና ስብስቡን ለይተው ይያዙ። ዐውደ ርእዩን ባለሙያ በአንድ ሐሳብ ዙሪያ መርጦ ያደራጀው ስለሆነ ለክፍል ዝግጁ ነው፤ ስብስቡ ግን የግምጃ ቤቱ መዝገብ ነው። ተማሪዎቼን የማስጀምረው ከዐውደ ርእዩ ቢሆንም የበለጠ የተማርነው ከመዝገቡ ነው፤ ምክንያቱም ሙዚየሞች ካላቸው ሁሉ ለእይታ የሚያወጡት ጥቂቱን ብቻ ነው። በተለይ በወረቀት ላይ የተሠሩ ንድፎች፣ የሕትመት ሥራዎችና የውሃ ቀለም ሥዕሎች በብርሃን ስለሚጎዱ፣ ለጥቂት ወራት ታይተው ለረጅም ጊዜ ወደ ጨለማ ይመለሳሉ። ስለዚህ የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየሞች ጎረቤት የሆነ ሰው እንኳ፣ ቀጠሮ ካልያዘ በቀር፣ አብዛኞቹን ንድፎች የሚያያቸው እኛ በምናያቸው መንገድ ነው።

የኮሌጅ ሙዚየም ከሌላው የሚለየው በዋናነት ለማስተማር መቋቋሙ ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ በአሜሪካ የሚገኘው የኦበርሊን ኮሌጅ አለን ሙዚየምማ፣ ተማሪዎች እውነተኛ የጥበብ ሥራ በአነስተኛ ክፍያ ተከራይተው በመኖሪያ ክፍላቸው እንዲሰቅሉ እስከ መፍቀድ ደርሷል።

አንድ ሥራ ሲመርጡ ምስሉን ከማጉላትዎ በፊት ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ያስነብቡ። ስክሪን መዳፍ የምታህለውን ሥዕልና ግድግዳ የሚሞላውን ሸራ እኩል ስለሚያደርጋቸው፣ ተማሪዎች ልኩን አንብበው በጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ እንዲያሰምሩት አደርጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሥዕሉ የሚናገሩት ነገር ይለወጣል። ቀጥሎ የመዝገብ ቁጥሩ ይታይ፤ በብዙ ሙዚየሞች ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር ሥራው ወደ ስብስቡ የገባበት ዓመት ነው።

አጥብቄ የምመክረው ግን የባለቤትነት ታሪኩን ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ብራናዎችንና ንዋያተ ቅድሳትን ዘርፎ ስለ ወሰደ፣ ለወሎ ልጅ «ማን ሰጠው? እርሱስ ከየት አገኘው?» የሚለው ጥያቄ ሩቅ ታሪክ አይደለም። የኢትዮጵያ መስቀል ወይም ብራና ያለበት ገጽ ሲገጥማችሁ ከስጦታ ሰጪው በፊት የነበረው ጊዜ ተጽፎ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ባዶ ከሆነ ባዶነቱ ራሱ ለክፍል ውይይት የሚበቃ ነገር ነው። ሲፈልጉም «ኢትዮጵያ» ብቻ ብለው አይተዉት፤ በቆዩ መዝገቦች «አቢሲኒያ» የሚል አለ፣ ክታቦቻችንም ብዙ ጊዜ የሚገኙት «የአስማት ጥቅል» በሚል ስም ነው።

ከአካባቢያችን ቅርስ መጀመር ከፈለጉ፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ይጎብኙ። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም (ገጾችን እጅግ አሳንሶ በሚያነሣ የፎቶ ፊልም) ከተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. (የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት) 1832 በሚል ቁጥር ተመዝግቧል። የገዳሙ አበምኔት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ለገዳሙ የሰጡት ይህ መጽሐፍ የራሳቸውንም ሥዕል ይዟል። የማይክሮፊልም ቅጂ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለምን ለማስተማር አይመችም፤ የመስመሩንና የአልባሳቱን አሣሣል ለማሳየት ግን በጣም ጠቃሚ ነው።

ኔትወርኩን በተመለከተ፣ ማጉላት ብዙ ዳታ ስለሚበላ ምስሎቹን ዋይፋይ ባለበት አስቀድመው ያውርዱ፤ የዬል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ምስል በነፃ ይሰጣል። በመዝገቡ ያላገኙትን ነገር ለሙዚየሙ በኢሜይል ሲጠይቁ የመዝገብ ቁጥሩንና የገጹን አድራሻ አብረው ይላኩ፣ አለዚያ የሙዚየሙ ሠራተኞች የትኛውን ሥራ እንደጠየቁ ለመለየት ይቸገራሉ።