የቃኘው ልጆችና የልጅ ልጆች ቹንቾን ስትሄዱ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አያትሽ ኮሪያ ዘምተው በሰላም የተመለሱ ናቸው። አንቺ ደግሞ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን አባትሽን ይዘሽ ሴኡል ልትሄጂ ነው። ለዚህ ጉዳይ ያላችሁ ሁለት ቀን ብቻ ነው። «ቹንቾን ከተማ ያለው የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ያን ያህል መንገድ ያስኬዳል ወይ? ሴኡል ያለው አይበቃም?» ነው ያልሽው። እኔ እናቴን ይዤ ሁለቱንም አይቻለሁ። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ኮሪያ ከዘመቱት የኢትዮጵያ ሻለቆች የሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበሩ።

መልሴ አጭር ነው፤ ቹንቾን ሂዱ። ሴኡልንም እዩ። አንዱን ብቻ ምረጪ ብትባዪ ግን ቹንቾንን ምረጪ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እዚሁ እያላችሁ ለአባትሽ ንገሪያቸው። እዚያ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የወደቁት ስም ነው። ተርፎ የተመለሰ ሰው ስሙ የለም። እኔ ይህን ለእናቴ ሳልነግራት ነው የወሰድኳት። ሴኡል፣ ዮንግሳን ያለው የጦርነት መታሰቢያ ረጅም መተላለፊያ አለው። በግራና በቀኝ ጥቁር ድንጋይ ላይ ስም ተቀርጿል። የኢትዮጵያን እንዳገኘን እናቴ መነጽሯን አደረገችና ጣቷን በስሞቹ ላይ እያስኬደች ፈለገች። ጨረሰች። እንደገና ከላይ ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ዞር ብላ «አባዬን ረሱት እንዴ?» አለችኝ። ሆዴ ተላወሰ። ነገሩን ሳስረዳት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ለአራተኛ ጊዜ ከላይ ጀመረች። አሁን ግን ስሞቹን አንድ በአንድ ድምፅ አውጥታ እያነበበች ነበር። በየስሙ መሃል «ነፍስ ይማር» ትላለች። ስሞቹ የተጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ አንዳንዱን ለመለየት ከበደን። ሁለት ሦስቱን ተጋግዘን ነው ያነበብነው። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ናቸው እዚያ ምድር ላይ የወደቁት። አንድም ምርኮኛ ግን አልተያዘባቸውም። ስለዚህ አባትሽ የአባታቸውን ስም ሳይሆን የአባታቸውን ጓደኞች ስም ሊያነቡ እንደሚሄዱ አስቀድመው ይወቁ። የአያትሽ ጓደኞች እነማን እንደነበሩ ከቤተሰብ የሚያስታውስ ካለ ጠይቂ፤ ጻፊው።

ሁለተኛው የቤት ሥራ ፎቶ ነው። የአያትሽን ፎቶ ካለሽ ኮፒውን ያዢ፣ ዋናውን ቤት ተዪው። ከጀርባው የተጻፈ ቀን ካለ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሺው። የእኔ አያት ፎቶ ጀርባ «ነሐሴ 1944» ይላል። ለኮሪያዊው አስጎብኚ ሳሳየው ግራ ገባው። 1944 ለእሱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. 1952 መሆኑን ስነግረው ነው ፊቱ የበራው። የመጀመሪያው ቃኘው የኮሪያ ወደብ ቡሳን የደረሰው በሚያዝያ 1943 ነው፤ በእነሱ ግንቦት 1951። ሁለተኛው በ1944፣ ሦስተኛው በ1945 ተከተሉ። አያትሽ የትኛው ውስጥ እንደነበሩ ካወቅሽ እዚያ የምታዪው ሁሉ ትርጉም ይኖረዋል። የማታውቂ ከሆነ ከመሄድሽ በፊት አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ጎብኚ። ኮሪያ ሰፈርም የዘማቾቹ ቤተሰቦች አይጠፉም። አያትሽን የሚያውቅ አዛውንት ካገኘሽ አንድ ከሰዓት በኋላ ስጫቸው።

ጉዞው ከባድ አይደለም። ከሴኡል፣ ከዮንግሳን ወይም ከቾንግንያንግኒ ጣቢያ አይቲኤክስ የሚባለውን ባቡር ያዙ። አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ትኬት ቀድመሽ ግዢ፤ ቅዳሜና እሁድ ይሞላል። ናምቹንቾን ጣቢያ ወርዳችሁ ታክሲ ያዙ፤ ቅርብ ነው። አድራሻውን በኮሪያ ፊደል ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። ጉግል ማፕ እዚያ ሀገር ብዙም አይረዳም፤ ናቨር ማፕ አውርጂ። ሰኞ ግን በፍጹም እንዳትሄዱ። ኮሪያ ውስጥ ሰኞ የሚዘጋ ሙዚየም ብዙ ነው። እኛ በሰኞ ምክንያት አንድ ቀን ሙሉ አቃጥለናል።

ወቅቱን ደግሞ አስቢበት። ክረምታቸው፣ ማለት ታኅሣሥና ጥር፣ ለአዛውንት አይሆንም። የቹንቾን ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሐምሌ ዝናብ ነው። እኛ በጥቅምት ሄደን ቅጠሉ ሁሉ ቀልቶ ነበር፤ ያም ሆኖ እናቴ ጋቢዋን አላወለቀችም። እነዚያ ልጆች በዚህ ተራራ ላይ በጥር ምሽግ ውስጥ ማደራቸውን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል።

ታክሲው የሚያወርዳችሁ መንገድ ስሙ «ኢትዮጵያ መንገድ» ነው። አባትሽን ታፔላው ጋ አቁመሽ ንገሪያቸው። ሐውልቱ በ1960 ዓ.ም. ሲመረቅ ጃንሆይ ራሳቸው ተገኝተዋል። ሙዚየሙ የተከፈተው በ1999 ዓ.ም. ነው። ጣሪያው የእኛን ጎጆ ቤት ይመስላል፤ ከሩቅ ሲታይ ልብ ይነካል። ምድር ቤቱ ስለ ጦርነቱ ነው። ፎቅ ላይ የሀገራችን የባህል ዕቃዎች ናቸው። ትልቅ ቦታ አይደለም፤ የሚቸኩል ሰው በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። እናንተ ግን ግማሽ ቀን መድቡለት። እናቴ አንድ የወታደሮች ፎቶ ፊት ብቻዋን ሃያ ደቂቃ ቆማለች። አባቷ ይኑሩበት አይኑሩበት አልለየችም። ቢሆንም ፊት ለፊት የቆሙትን ሁሉ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ቃኘው» ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቃችሁ ኮሪያዊ አይጠፋም። የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው በሉ። የዐድዋው ራስ መኮንን፣ የጃንሆይ አባት።

ከዚያ መንገዱን ተሻግራችሁ «ኢትዮጵያ ቤት» ግቡ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያለ ቡና ቤት ነው፤ የኮሪያ ቤተሰብ ነው የሚያስተዳድረው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቡናው ከቤተ መንግሥት ይላክ እንደነበር ይነገራል። መስኮት ዳር ተቀመጡ፤ ውሃው ይታያል። ለምሳ ዳክጋልቢ ብሉ። ዶሮ በቀይ ቅመም ነው፤ ለእኛ ምላስ ይስማማል። ጾም ከሆነ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ አትክልት የመሰለው መረቅም ሥጋ ሊኖርበት ይችላል።

ስለ ቡሳን የጠየቅሽውም አለ። የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ትልቅ ቦታ ነው፤ ነገር ግን የእኛ ሰዎች አስከሬን ወደ ሀገር ተመልሷል። እዚያ ያለው የስም ግድግዳ ነው። በሁለት ቀን ቡሳንን ጨምረሽ አባትሽን አታድክሚያቸው። መጀመሪያ ቀን ቹንቾን፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ዮንግሳን። ዮንግሳን መግቢያው ነፃ ነው፤ ከሳምጋክጂ ሜትሮ ጣቢያ በእግር ቅርብ ነው።

ቪዛውን ዛሬ ነገ ሳትዪ ጀምሪ። የፎቶው ጀርባ ላይ ያለው ቀን ካስቸገረሽ ደግሞ እዚሁ ለጥፊው፤ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሬ እጽፍልሻለሁ።