ድምፁ ቀደመ፣ ምስሉ ዘገየ፦ ጥያቄና መልስ

ከንፈርና ድምፅ ያልተገጣጠመበት ቪዲዮ ምንም ያህል ጥሩ ተደርጎ ቢቀረጽ ለማየት ያሰለቻል። በዚህ ጉዳይ የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ ልመልስ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ማንኛውንም ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ቪዲዮውን መጀመሪያው ላይና መጨረሻው ላይ እዩት። ክፍተቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው ወይስ እየሰፋ ይሄዳል? መፍትሔው የሚወሰነው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የወረደ ፊልም አለኝ። ድምፁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትንሹ ይቀድማል። ምን ላድርግ?

ይህ ቀላሉ ነው። ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈተውና ኪቦርድ ላይ «ኬ»ን ተጫን። በእያንዳንዱ ጭነት ድምፁ በ50 ሚሊሰከንድ ይዘገያል። «ጄ» ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል። ሲገጥምልህ ስክሪኑ ላይ የታየውን ቁጥር ጻፈው፤ ቪኤልሲ ፋይሉን ራሱን አይቀይርምና። ለዘለቄታው ከፈለግህ ኤምኬቪ ቱልኒክስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርድ። የድምፁን ትራክ መርጠህ «ዲሌይ» የሚለው ቦታ ላይ ያንን ቁጥር አስገባ። ቪዲዮውን እንደ አዲስ ስለማይጨምቀው ጥራቱ አይቀንስም፣ ሥራውም ቶሎ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ስንት ሚሊሰከንድ ሲሆን ነው ሰው የሚያስተውለው?

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ድምፅ ወደ 45 ሚሊሰከንድ ሲቀድም ሰው ማስተዋል ይጀምራል። ሲዘገይ ግን እስከ 125 ገደማ ላያስተውለው ይችላል። ምክንያቱም በተፈጥሮም ድምፅ ዘግይቶ ነው የሚደርሰን፤ መብረቁን አይተን ነው ነጎድጓዱን የምንሰማው። ስለዚህ ልኩን ማግኘት ካቃታችሁ በትንሹ ይዘግይ እንጂ አይቅደም።

ጥያቄ፦ ሠርግ ነው የምቀርጸው። ድምፁን በተለየ ሪከርደር እይዛለሁ። መጀመሪያ ላይ ልክ አስገጥሜው ምርቃቱ ጋ ስደርስ ያመልጣል። ሪከርደሩ ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም ወንድሜ። ካሜራውም ሪከርደሩም ጊዜ የሚቆጥሩት በየራሳቸው ሰዓት ነው፤ ሁለቱ ደግሞ በትክክል እኩል አይሄዱም። ልዩነቱ ከሚሊዮን 50 ብቻ ቢሆን እንኳ በአንድ ሰዓት ውስጥ 180 ሚሊሰከንድ ይሆናል። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስትቀርጽ ይህ ከ4 ፍሬም በላይ ነው፤ በደንብ ይታያል።

ማድረግ ያለብህ ይህን ነው። ቀረጻ ስትጀምር ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭብ፣ ልታቆም ስትልም ድገመው። ኤዲት ስታደርግ በሁለቱ ጭብጨባዎች መካከል ያለውን ርዝመት በካሜራውም በሪከርደሩም ድምፅ ላይ ለካ። ልዩነቱን ካወቅህ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ኤዲቲንግ ፕሮግራም «ቼንጅ ቴምፖ» በሚለው የሪከርደሩን ድምፅ በዚያው መጠን ታሳጥረዋለህ ወይም ታስረዝመዋለህ። ማጨብጨቡን ከረሳህም ችግር የለም። ድምፁን ጸጥ ባለባቸው ቦታዎች ቆራርጠህ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻው አስገጥም። እንደ እኔ ለሠርግ የሚሻለው ይሄኛው ነው። ንግግር መሃል ብቻ እንዳትቆርጥ።

ካሜራው ላይ ያለውን ማይክ ደግሞ መቼም አትዝጋው። ጥራቱ ደካማ ቢሆንም ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ሁለቱን ድምፆች አወዳድሮ በራሱ ያስገጥምልሃል፤ ነፃው ቅጂ ላይም ይሠራል። ሪከርደርህ 48 ሺህ ኸርዝ ላይ (በሰከንድ 48 ሺህ ጊዜ ድምፁን በሚለካበት ማስተካከያ ላይ) መሆኑንም እይ። በ48 ሺህ የተቀዳ ድምፅ በስህተት እንደ 44.1 ሺህ ከተነበበ አንድ ሰዓቱ ወደ 65 ደቂቃ ይለጠጣል፣ ድምፁም ይወፍራል። ድምፁ ወፍሮ ወይም ቀጥኖ ከሰማኸው መጀመሪያ የምትጠረጥረው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ በስልክ የቀረጽኩት ስልኩ ላይ ልክ ነው። ኮምፒውተር ላይ ኤዲት ሳደርገው ግን ይዛባል። ለምን?

ስልክ ፍሬሙን በእኩል ፍጥነት አይቀርጽም። ብርሃን ሲያንስ ከ30 ወደ 24 ሊወርድ ይችላል፣ ሲሞቅም እንደዚሁ ይዋዥቃል። አንዳንድ ኤዲቲንግ ፕሮግራም፣ በተለይ የቆየው፣ ሁሉንም 30 ነው ብሎ ይደረድረዋል። ሚዲያኢንፎ በሚባል ፕሮግራም ፋይሉን ክፈቺና «ቫሪያብል» የሚል ካየሽ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ላይ «ኮንስታንት ፍሬምሬት» መርጠሽ ኮንቨርት አድርጊው፤ ኤዲቱን ከዚያ በኋላ ጀምሪ። ኤዲቱ ካለቀ በኋላ ማረም ግን ትልቅ ጣጣ ነው። ዋናውን ፋይል እንዳታጠፊው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አዲስ አበባ የተቀረጸ የወላጆቼን የሠርግ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። ድምፁ እየቆየ ዘለል ዘለል እያለ ይርቃል። ይድናል?

ይድናል፤ ግን እንደገና መገልበጥ ሊኖርብህ ነው። ያረጀ ቪኤችኤስ ካሴት ሲግናሉ ይንቀጠቀጣል። የዩኤስቢ መገልበጫውም ግራ ሲገባው ፍሬም ይጥላል፤ ድምፁ ግን ሳይቋረጥ ይቀጥላል። በ25 ፍሬም የወደቀ እያንዳንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ 25 ፍሬም ሲወድቅ አንድ ሙሉ ሰከንድ አመለጠህ። ክፍተቱ እኩል እያደገ ሳይሆን እየዘለለ ስለሚሄድ ድምፁን በሙሉ መለጠጥ አያድነውም።

ሌላም አለ። በካሴት ዘመን የኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል የሚባለው፣ የአሜሪካ ደግሞ ኤንቲኤስሲ የሚባለው ነበር፤ አንዱ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሌላው 29.97። ስለዚህ ፓል የሚያጫውት ወይም ሁለቱንም የሚችል ዴክ (የካሴት ማጫወቻ) ያስፈልግሃል። መገልበጫው ፕሮግራም ላይም ፓል መመረጡን አረጋግጥ። «ታይም ቤዝ ኮሬክተር» የሚባለው መሣሪያ ያለው ቤት ካገኘህ ከፍለህም ቢሆን እዚያ አስገልብጠው፤ የሚንቀጠቀጠውን ሲግናል የሚያረጋጋው እሱ ነው። ራስህ ከሆነ የምትገለብጠው ሌሎች ፕሮግራሞችን ዝጋ፣ በአጭር በአጭር ክፍል ከፋፍለህ ቅዳ። አንዱ ክፍል ላይ ፍሬም ቢወድቅ ቀጣዩ ከአዲስ ይጀምራል። እባክህ ደግሞ ዛሬ ነገ አትበል። የካሴት መግነጢስ በየዓመቱ ይደክማል፤ የአያቶችህ ምርቃት ያለው እዚያ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በብሉቱዝ ኢርፎን ኤዲት አደርጋለሁ። አስገጥሜ ኤክስፖርት ሳደርገው ሌሎች አልገጠመም ይሉኛል።

እነሱ ልክ ናቸው። ብሉቱዝ ድምፁን ከ100 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ሊያዘገየው ይችላል። አንቺ ያስገጠምሽው ለኢርፎንሽ ነው። ለኤዲት ባለገመድ ተጠቀሚ።

ጥያቄ፦ ኦቢኤስ በሚባለው የቪዲዮ መቅጃ ፕሮግራም ስቀዳ ድምፄ ከምስሌ ይቀድማል።

ካሜራው በካፕቸር ካርድ (ምስሉን ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባው መሣሪያ) አልፎ ስለሚመጣ ይዘገያል፤ ማይኩ ግን ወዲያው ይደርሳል። «አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሲንክ ኦፍሴት» የሚል አለ። ለማይኩ 100 ሚሊሰከንድ አስገባና እያጨበጨብክ ሞክር። ከዚያ እያስተካከልክ ሂድ።

ጥያቄ፦ ወደ አማርኛ የተመለሰ ተከታታይ ድራማ ላይ ከንፈሩ አይገጥምም። ቲቪዬን ላሠራው?

አያሠሩት። ተዋናዩ የተናገረው በሌላ ቋንቋ ስለሆነ ከንፈሩ ሙሉ በሙሉ ሊገጥም አይችልም። ቲቪዎን መፈተን ከፈለጉ በር ሲዘጋ ወይም ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይመልከቱ። እሱ ከገጠመ ቲቪው ደህና ነው።