ለሦስት ሳምንት የመጣ ሰው የትኛውን ጥርስ ያሠራ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አረፋ ሲቃረብ ለዚህ የጥርስ ሕክምና ዓምድ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አገራቸው ይለወጣል። ከጅማ ሰፈሮች ከሄርማታና ከቆጪ የሚመጡት ያንሱና ከጅዳ፣ ከሚኒያፖሊስ፣ ከለንደን የሚላኩት ይበዛሉ። የሁሉም ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ዋጋ ነው። የብር አሃዝ ግን ከእኔ አትጠብቁ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ የምንሞላበትም የምናደነዝዝበትም ዕቃ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነው። ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ከወር በኋላ ከክሊኒኩ ጸሐፊ ጋር ያጣላችኋል። የማይለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው፦ ማስነቀል ርካሹ ነው፣ ማሳጠብና ማስሞላት ይከተላሉ፣ የመንጋጋ ሩት ካናል (የጥርሱን ሥር ከውስጥ ጠርጎ ማሸግ) ከእነሱ በብዙ ይርቃል፣ ክራውን (ጥርሱ የሚለብሰው ሽፋን) ሲጨመርበት ሂሳቡ ሌላ ይሆናል፣ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ በብሎን የሚተከል ጥርስ) ከሁሉም በላይ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ከታች መንጋጋዬ አንዱ ከተነቀለ ዓመታት አልፈዋል፣ አጠገቡ ያለውም ተቦርቡሯል። ሐኪሜ ለኢምፕላንቱ ከነክራውኑ 4,800 ዶላር ጠየቀኝ። ጅማ ለሦስት ሳምንት እመጣለሁ። ሁሉንም እዚያው ብጨርሰውስ?

መልስ፦ ጋሼ፣ የተቦረቦረውንና የጎደለውን ለያይተን እንያቸው።

የተቦረቦረው ሩት ካናል ቢያስፈልገው እንኳን በሦስት ሳምንት ያልቃል፤ ግን በመጡ በማግስቱ ከጀመሩ ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦ ከማደንዘዣው በኋላ ጥርሱ ከላይ ይበሳል፤ ከፀጉር ብዙም በማይወፍሩ የብረት ሞረዶች ሥሩ ድረስ ይጠረጋል። በመሃል የበረኪና ሽታ አፍንጫዎ ከደረሰ አይደንግጡ፤ ቦዩ የሚታጠበው በእርግጥም የበረኪና ዘር በሆነ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ፈሳሹ ጉሮሮ እንዳይገባ በጥርሱ ዙሪያ የላስቲክ መጋረጃ ሲወጠር ካዩ ጥሩ እጅ ላይ ነዎት። በመጨረሻ በቀጫጭን የወረቀት ዘንጎች ይደርቅና ጉታ ፐርቻ በሚባል ሮዝ ሙጫ ይታሸጋል። አንዳንዱ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል፣ መግል የያዘው ሁለትና ሦስት ይፈልጋል። የመንጋጋ ጥርስ ከዚያ በኋላ ስለሚሰባበር ክራውን መልበስ አለበት፤ ለክራውኑ ልክ ተወስዶ ላቦራቶሪ ሄዶ እስኪመለስ አንድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ክሊኒኩን መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ይሁን፦ ላቦራቶሪው የት ነው፣ በስንት ቀን ይመለሳል? አሜሪካ ውስጥ የመንጋጋ ሩት ካናልና ክራውን አንድ ላይ ከ2,000 ዶላር በላይ መውጣታቸው የተለመደ ነው፤ ኢንሹራንስዎ በዓመት የሚከፍለው ጣሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ነው። እዚህ ቢያሠሩት ያዋጣዎታል፤ ትኬቱን የቆረጡት ለዘመድ ጥየቃ ነውና ወጪው ላይ አይደምሩት።

ኢምፕላንቱ ግን በሦስት ሳምንት አይሆንም። ከቲታኒየም የተሠራው ብሎን አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ አጥንቱ እስኪይዘው ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል። ጥርሱ የሚቀመጥበት ከዚያ በኋላ ነው። የእርስዎ ደግሞ ከተነቀለ ስለቆየ አጥንቱ ሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ አጥንት መጨመር ይመጣና ጊዜው ይረዝማል። በሚቀጥለው ዓመትም እመጣለሁ ካሉ ዘንድሮ ብሎኑን ተክለው በሚመጣው ክራውኑን ማስገባት ይቻላል። ብሎኑን እዚህ፣ ክራውኑን እዚያ ማለት ግን የጣጣ መጀመሪያ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ብሎን የሌላውን ቁልፍ አይቀበልም። የብሎኑን ስም፣ ውፍረትና ርዝመት፣ ከካርቶኑ ላይ የሚላጠውን ተለጣፊ ወረቀት ሳይይዙ ከክሊኒክ አይውጡ። ያለዚያ ሚኒያፖሊስ ያለው ሐኪም ሊያደርግ የሚችለው ቆፍሮ ማውጣት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ከ4,800ው ይብሳል።

ሰፈርዎ ያለውንም አይርሱ፤ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት እዚያው ሚኒያፖሊስ ነው። ተማሪዎች በመምህራን ክትትል ይሠራሉ፤ ቀጠሮው ይረዝማል፣ ዋጋው ከግል ሐኪም ይቀንሳል። የኛው ጅማ ዩኒቨርሲቲም የጥርስ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ክሊኒክ እንዳለው ለዘመዶችዎ ንገሯቸው። ስኳር ካለብዎት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ ወንበር ላይ ከመቀመጥዎ በፊት ይናገሩ፤ መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያቋርጡ።

ጥያቄ፦ ጅዳ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ጥርሴ ሌሊት አያስተኛኝም። ማዳም ፓናዶል ትሰጠኛለች። አሞክሳሲሊን ከጓደኛዬ ወስጄ ትንሽ ተሻለኝና ተመለሰ። ለእረፍት ጅማ የምመጣው ከአራት ወር በኋላ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ አራት ወር አይጠበቅም። ሌሊት እየቀሰቀሰ የሚመታ ጥርስ የውስጡ ነርቭ ታምሟል ማለት ነው። አሞክሳሲሊን ውጪ የወጣውን እብጠት ያበርደዋል እንጂ ጥርሱ ውስጥ የተዘጋውን ቁስል አያገኘውም፤ ለዚህ ነው የተመለሰብሽ። ኪኒኑን በየወሩ መቃም መድኃኒቱ በሚያስፈልግሽ ቀን እንዳይሠራልሽ ያደርጋል።

እስክትታከሚ ድረስ ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከፓራሲታሞል (ያው ፓናዶሉ ነው) ጋር አንድ ላይ ብትወስጂ ፓናዶል ብቻውን ከሚሰጥሽ የበለጠ ያስታግሳል። ሆድሽ ባዶ አይሁን፤ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብሽ፣ ነፍሰ ጡርም ከሆንሽ ኢቡፕሮፌኑን ተዪው። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ የሚባለውን አትሞክሪው፣ ሥጋውን ያቃጥለዋል።

ከማዳም ጋር ስትነጋገሪ ነቀላን እንደ መጀመሪያ ሐሳብ አታቅርቢው፤ ግን ሌላ መንገድ ከሌለ ተነቅሎ የሚድን ጥርስ ሳይነቀል ከሚገድል ይሻላል። መግደል ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም። እብጠቱ ከአገጭሽ ሥር ከወረደ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተሽ፣ አፍሽ አልከፈት ካለ፣ ትኩሳት ከተነሳ ወይም መተንፈስ ከከበደሽ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። ይህን አንቀጽ ለማዳምሽ በአረብኛ የሚያነብላት ሰው ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ልጄ ለንደን ሁለት ጥርስ ለማስሞላት የግል ክሊኒክ ገብታ በጣም ብዙ ፓውንድ ተጠየቀች። ጅማ መጥታ ታሠራ ይሆን?

መልስ፦ ለሁለት ሙሌት አትምጣ። እንግሊዝ ውስጥ በኤን ኤች ኤስ፣ በመንግሥቱ የጤና አገልግሎት፣ የሚሠራ ሐኪም ታፈላልግ፤ ማግኘቱ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ዋጋው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 በወጣው ታሪፍ ምርመራ 27.40 ፓውንድ፣ ሙሌት፣ ነቀላና ሩት ካናል 75.30፣ ክራውንና ብሪጅ (የጎደለውን ቦታ ከጎረቤት ጥርሶች ጋር ተያይዞ የሚሸፍን ጥርስ) 326.70 ፓውንድ ነበር። የሙሌቱ ክፍያ ለአንድ ዙር ሕክምና ነው፤ በዚያ ዙር አንድም ይሞላ አምስትም ያው ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ወልዳ ሕፃኗ ዓመት ካልሞላው አትከፍልም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው፣ ፍራንክፈርት ይኖራል። ያደገው መተሐራ ስለሆነ ጥርሱ ቡናማ ነው፤ ጅማ ከገባን በኋላ የተወለዱት ታናናሾቻችን ጥርስ ነጭ ነው። ኢስታንቡል አርፎ 20 ጥርሱን በነጭ ሊያስለብስ ተዘጋጅቷል። በአምስት ቀን ይጨርሱልሃል ብለውታል።

መልስ፦ ያዙልኝ!

ቡናማው ከውሃው ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በመተሐራም በወንጂም በዝዋይም አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ እዚያ ከዚህ በብዙ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ሕፃኑ ድድ ውስጥ ጥርስ በሚሠራበት ዕድሜ ያን ውሃ ሲጠጣ የጥርሱ ሽፋን ጠቃጠቆ ይዞ ይወጣል። ቤተሰቡ ጅማ ከገባ በኋላ የተወለዱት ታናናሾቻችሁ ጥርሳቸው ነጭ የሆነው በዚህ ነው፤ የእሱ አለመፋቅ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥርስ መልኩ እንጂ ጤናው አልተበላሸም።

ክራውን ለማልበስ ግን ከድድ በላይ ከሚታየው ጥርስ ከግማሽ በላዩ ይሞረዳል። የተሞረደ አይመለስም። ከተሞረዱት ጥቂቱ ነርቫቸው ሞቶ ሩት ካናል ይጠይቃል፤ የቀሩትም ክራውናቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት ገደማ ቆይቶ መቀየሩ አይቀርም። 27 ዓመት ላይ የጀመረ ሰው ሂሳቡን እስከ ሰባ ዓመቱ ያስላው። ፍራንክፈርት ያለው ኢንሹራንስ ለመልክ ሲባል ለሚሠራ አይከፍልም፤ ኢስታንቡል የተሠራውን ማስተካከል ሲመጣም ከኪሱ ነው።

ከቀላሉ ይጀምር። የላይኛውን ስስ ሽፋን በአሲድና በዱቄት አሽቶ ማንሳት አለ፣ በሐኪም እጅ ማንጣት አለ፣ ፊት ለፊት የሚታዩትን ጥቂት ጥርሶች በስሱ ከላይ መለበጥ አለ። ብዙ ሰው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ መስታወት ማየት ይጀምርና እዚያው ያቆማል። ጀርመን እያለ ደግሞ ቦኑስሄፍት የምትባለዋን የጥርስ ምርመራ ደብተር በየዓመቱ ማህተም ያስመታ፤ ክራውን በእርግጥ ባስፈለገው ቀን መደበኛው የ60 በመቶ ድጎማ በአምስት ዓመት ምርመራ ወደ 70፣ በአሥር ዓመት ወደ 75 ያድግለታል።

ጥያቄ፦ ቤይሩት ነኝ። የሰባት ወር ልጄ ሊሙ እናቴ ጋ ነው። ተቅማጥ ይዞታል። እናቴ ግግ ነው፣ ትሉ ይውጣለት ትላለች። ግግ የሚያወጣው ሰውዬ የሚጠይቀው ትንሽ ብር ነው፣ ልላክ?

መልስ፦ አትላኪ። ስልኩን ለእናትሽ ስጪልኝ።

እማማ፣ ድዱ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠው ትል አይደለም፤ ገና ያልወጣ የውሻ ክራንቻው ነው። ሰውየው ቆንጥጦ የሚያወጣው እሱኑ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ ትል ይመስላል። ተቅማጡ የመጣው ልጁ በዚህ ዕድሜ ያገኘውን ሁሉ አፉ ስለሚከት ነው። ባልተቀቀለ መሣሪያ ድዱ ከተቆረጠ መድማትና ቴታነስ፣ ከሌላ ልጅ የሚተላለፍ በሽታም አለ። ጡት ከሌለ የለመደውን ምግብ አያቋርጡበት፣ ኦአርኤስ በተፈላና በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጠው በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ይስጡት፤ ጤና ጣቢያ ደግሞ ለ10 ወይም ለ14 ቀን የሚወሰድ የዚንክ ኪኒን ይሰጡዎታል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ ወይም ደም ካስቀመጠው ነገ አይበሉ።

አንቺ ደግሞ ዋጋውን ከጠየቅሽ፦ ከወተቱ ክራንቻ ሥር የቋሚው ጥርስ እምቡጥ አለ። እሱ ከተነካ ልጁ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ክራንቻው ተጣሞ ይወጣል፣ ወይም ጭራሹን አይወጣም። ወንበሬ ላይ ከሚቀመጡት ጎረምሶች የዚህ ቅሪት ያለባቸው ጥቂት አይደሉም። ያኔ የሚጠየቀው የብሬስ (የጥርስ ማቃኛ ሽቦ) ሂሳብ በቤይሩት ደመወዝሽ አይቻልም።

ጥያቄ፦ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ህንዳዊ የሥራ ባልደረባዬ ጥርሱን አሠርቶ ደረሰኙን ለኢንሹራንሱ ላከ፤ ግልጽ አይደለም ብለው መለሱበት። ምን ይጨምርበት?

መልስ፦ “የጥርስ ሕክምና” ተብሎ በድምሩ የተጻፈ ደረሰኝ ብዙ ጊዜ አይከፈልበትም። ካርድ፣ ራጅ፣ የተሠራው ሥራ ለየብቻ ከነዋጋቸው ይጻፉ፤ ቀን፣ ማህተም፣ የሐኪሙ ስምና የፈቃድ ቁጥር ይኑር፤ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ የጥርሱ ቁጥርም ይጠቀስ። ራጁን በስልኩ ፎቶ ያንሳው፣ ከሥራው በፊት የተነሳውንም ከሥራው በኋላ የተነሳውንም።

ስለ ጥርሱ ቁጥር ለአሜሪካ ነዋሪዎችም ልጨምርበት። እኛ አፍን በአራት ከፍለን የመጀመሪያው አሃዝ ሩቡን፣ ሁለተኛው ከመሃል ያለውን ተራ እንዲያሳይ አድርገን እንጽፋለን። አሜሪካኖች ከ1 እስከ 32 በተርታ ይቆጥራሉ። እኛ 36 ያልነው የታች ግራ መንጋጋ እነሱ ጋ 19 ነው። 36 የሚል ወረቀት ቢያዩ እንደዚያ ያለ ቁጥር ስለሌላቸው ይጠይቃሉ፣ ደህና ነው። የሚያስፈራው 16 ነው፦ እኛ ጋ የላይ ቀኝ መንጋጋ፣ እነሱ ጋ የላይ ግራ መጨረሻ። “16 ይነቀል” የሚል ወረቀት ይዛችሁ አትላንቲክን አትሻገሩ፤ “የላይ ቀኝ የመጀመሪያው ትልቁ መንጋጋ” ተብሎ በቃል ይጻፍላችሁ።

ጥያቄ፦ ዛሬ ጠዋት መንጋጋ ተነቀልኩ። ማታ ከሳዑዲ የመጡ ጓደኞቼ በርጫ ጠርተውኛል። ጫቱን በሌላኛው ጎን ብቅምስ?

መልስ፦ ሂድ፣ ተጫወት፣ አትቃም። ጉድጓዱን የዘጋው የረጋ ደም ነው። ቅጠሉ በየትኛውም ጎን ቢታመቅ ፍርፋሪው ይዞራል፤ ሲጋራውና ሺሻው ሲሳቡ ደግሞ ደሙን ነቅለው ያወጡታል። ያኔ በሦስተኛው ቀን ገደማ አጥንቱ ይጋለጥና ሕመሙ ወደ ጆሮ ይወጣል፤ ከነቀላው ራሱ ይብሳል። ዛሬ አትጉመጥመጥ፣ ከነገ ጀምሮ ለብ ባለ ውሃና ጨው ቀስ ብለህ ያዝ። ጫቱን ለአንድ ሳምንት፣ ሲጋራውን ቢያንስ ለሦስት ቀን ተው። ለስላሳውና ስኳሩ የቀሩትን ጥርሶችህን እየበላ ስለሆነ በርጫው ላይ ውሃ ይቅረብልህ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ከቀነሰ በኋላ እንደገና ከተነሳ ኪኒን አትግዛ፤ ወደ ነቀለህ ሐኪም ተመለስ፣ ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት ያስቀምጥበታል።