የዙፋን ሽኩቻ ፋንታሲን አብሮ ለመወያየት፦ ማን ምን ያውቃል ከሚለው ጀምሩ

ጥያቄውን ዘግይቶ ለሚያነብ ባጭሩ ላስቀምጠው። ስድስት ሰዎች ከስድስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ፣ የቤተ መንግሥት ሴራ የሞላበት ፋንታሲ (አስማት ያለበት የምናብ ዓለም ልቦለድ) አብረው እያነበቡ ነው። ሁለት ጊዜ ተገናኝተው ሁለቱንም ጊዜ ወሬው «እገሌን ወደድኩት፣ እገሊት አስጠላችኝ» ላይ ቀረ። ለግማሾቹ ስሞቹ ተምታተውባቸዋል፣ አንደኛው ደግሞ ቀድሞ ስለጨረሰ ገና ያልተደረሰበት ታሪክ በየመሀሉ ከአፉ ያመልጠዋል። ውይይቱን እንዴት እናስተካክለው ነው የተባለው።

በእኔ እምነት መጀመሪያ መቀየር ያለበት የምትጠይቁት ጥያቄ ነው። እንዲህ ዓይነት ልቦለድ ውስጥ ሰይፍ የሚመዘዝባቸው ገጾች ጥቂት ናቸው። የቀረው ደብዳቤ፣ ወሬ፣ ጋብቻ፣ ሹም ሽርና ጆሮ ጠቢ ነው። ታሪኩን የሚነዳው እንግዲህ ማን ምን ያውቃል፣ መቼ አወቀ፣ ከማን ሰማ የሚለው ነው። «ንግሥቲቱ ምን ነክቷት ነው እንዲህ የምትሞኘው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ነገሩ ሞኝነት አይደለም፤ አንባቢው በሌላ ምዕራፍ ያየውን እሷ አላየችም። ጥያቄውን «በዚያን ቀን እሷ የምታውቀው ምን ነበር?» ብላችሁ ስትለውጡት ሰው አስተያየት መወርወሩን ትቶ መጽሐፉን መግለጥ ይጀምራል።

ለዚህ አንድ የጋራ ደብተር ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ግማሽ ገጽ፣ አራት ዓምድ፦ ምን ተባለ ወይም ተደረገ፣ ማን አየ ወይም ሰማ፣ ወሬው ለማን ደረሰ፣ ማስረጃው ምንድን ነው። አራተኛው ዓምድ ላይ ከሦስት ቃል አንዱን ብቻ ጻፉ፦ «ታየ»፣ «ተነገረ» ወይም «ተጠረጠረ»። ለአንድ ምዕራፍ ሦስት ወይም አራት መስመር ይበቃል፤ ከዚያ ሲበዛ ጸሐፊው ይሰለችና ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደብተሩ ይቀራል። ምዕራፎቹን ተከፋፈሉት እንጂ ለአንድ ሰው አትጫኑት። ደብተሩ የሚበላሸው ሰዎች የታሪኩን ማጠቃለያ መጻፍ ሲጀምሩ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አንድ መስመር ውስጥ አዲስ ነገር ያወቀ ወይም የተዋሸ ሰው ከሌለ ሰርዙት።

ምን ያህል እንደሚጠቅም በአንድ የታወቀ መጽሐፍ ላሳይ። የጆርጅ አር. አር. ማርቲንን «ጌም ኦፍ ትሮንስ» (1996 እ.ኤ.አ.) ያላነበበ ይህን አንቀጽ ይዝለለው። ሕፃኑን ብራንን ሊገድል የተላከው ሰው ጩቤ ይገኛል። እናቱ ካትሊን ጩቤውን ይዛ ዋና ከተማው ስትገባ የንጉሡ ግምጃ ቤት ሹም ሊትልፊንገር «የእኔ ነበር፤ በጄሚ ተወራርጄ ጄሚ ከፈረስ ሲወድቅ ቲሪየን በላኝ» ይላታል። ወሬ ሰብሳቢው ቫሪስ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ አይቃወምም። ደብተሩ ላይ ይህ «ተነገረ» ተብሎ ይገባል፤ ተናጋሪው አንድ፣ ማስረጃው ቃሉ ብቻ። ምዕራፉን የምናየው በካትሊን ዓይን ነው፤ ሊትልፊንገርን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለምታውቀው ታምነዋለች፣ እኛም አብረናት እናምናለን። ብዙ ምዕራፎች አልፈው ቲሪየን እጇ ላይ ከወደቀ በኋላ ግን በገዛ ቤተሰቡ ላይ ተወራርዶ እንደማያውቅ ይነግራታል። ጄሚ ወንድሙ ነው። ውርርዱን ለማሸነፍ ቲሪየን በወንድሙ ላይ መወራረድ ነበረበት ማለት ነው። ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ቡድን አንደኛው እንደዋሸ እዚያው ያያል። ደብተር ያልያዘው ግን የመጀመሪያውን ንግግር ረስቶታልና ያልፈዋል።

ወደ ስሞቹ ልምጣ። ሰው የሚምታታበት ስሙ ስለበዛ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በስሙ፣ በማዕረጉ፣ በቤተሰቡና በቅጽል ስሙ ይጠራል፤ ማዕረጉ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። በአምስተኛው ምዕራፍ «የግምጃ ቤቱ ሹም» የተባለው በሃያኛው ምዕራፍ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩን በስም ሳይሆን በሥልጣን ጻፉት፦ እንደራሴ፣ የዘብ አለቃ፣ የግምጃ ቤት ሹም፣ ማኅተም ጠባቂ፣ የንጉሡ ሐኪም፣ የወራሹ ሞግዚት። ከእያንዳንዱ ጎን ማን እንደያዘው፣ ከየትኛው ምዕራፍ እስከ የትኛው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን እንደሾመው። ሐኪሙንና ሞግዚቷን ሰው ይዘነጋቸዋል፤ እነሱ ግን መኝታ ቤት ድረስ ይገባሉ። ከመጽሐፉ ፊት ወይም ኋላ ያለውን የገጸ ባሕርያት ዝርዝርና የዘር ሐረግ ገና ሳታነቡ አትመኑት። አንዱን «የሟቹ ንጉሥ መበለት» ብሎ ሊያስቀምጥና ገና በሕይወት ያለውን ንጉሥ ሊገድልባችሁ ይችላል፤ በሁለተኛና ሦስተኛ ቅጽ ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው።

አጻጻፉንም በመጀመሪያው ቀን ተስማሙበት። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ከሆነና በቴሌግራም የምትጻጻፉ ከሆነ አንዱን ገጸ ባሕርይ አንዱ በ«ሀ»፣ ሌላው በ«ሐ» ከጻፈው በኋላ ስሙን ስትፈልጉ ግማሹ መልእክት አይወጣም። በድምፅ የሚያዳምጥ አባል ካለ የሰማውን አጠራር መነሻ አድርጉት።

ንባቡን ስትከፋፍሉ ገጹን እኩል ለእኩል አትቁረጡ። ለአንድ ስብሰባ ከመቶ እስከ መቶ ሠላሳ ገጽ ጥሩ ልክ ነው፤ ስድስት መቶውን አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ያወጣዋል። መቁረጫው ግን ሥልጣን እጅ የሚለውጥበት ቦታ ይሁን፦ የንጉሥ ሞት፣ ሹመት፣ ሠርግ፣ እስር። ልብ በተንጠለጠለበት ምዕራፍ መጨረሻ ላይ አቁሙ ብትሉ ማንም አያቆምም፣ ወሰኑም ፈረሰ ማለት ነው። ከዚያ አንድ ምዕራፍ አልፋችሁ አቁሙ። ወሰኑን በምዕራፍ ተናገሩ እንጂ በገጽ አይሁን፤ የታተመው፣ ስልክ ላይ ያለውና የሚደመጠው ገጻቸው አይገናኝም።

ቀድሞ የጨረሰውን ሰው ዝም በል ማለት አይሠራም፤ ሥራ ስጡት። ሥራው እስከ ወሰኑ ድረስ ካለው ገጽ ብቻ መጠቆም ነው፦ «ወደ ግብዣው ተመለሱና ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ እዩ» ማለት ይችላል። «ቆይ ታያላችሁ» ማለት ግን አይችልም፣ ፈገግታም ቢሆን ክልክል ነው። ሰው ግምቱን ሲናገር «ትክክል ነህ» ብሎ ማረጋገጥ መጨረሻውን ከመናገር እኩል ነው፤ በሴራ ልቦለድ ውስጥ የጥርጣሬው ጊዜ ራሱ የንባቡ ትልቁ ደስታ ነውና እሱን መንጠቅ ያሳዝናል። ቴሌግራም ላይ ጽሑፉን መርጣችሁ በስፖይለር (እስኪነኩት ድረስ ጽሑፉን በሚደብቀው) መሸፈን ትችላላችሁ፤ ከተሸፈነው በፊት የምዕራፉን ቁጥር በግልጽ ካልጻፋችሁ ግን ያልደረሰበት ሰው ሳያውቅ ይነካዋል። በመጽሐፉ ላይ የተሠራ ተከታታይ ፊልም ያየ አባል ካለ ደግሞ የሚያስታውሰው ከየትኛው እንደሆነ ይናገር። ፊልም ሠሪዎች ገጸ ባሕርያትን ይደርባሉ፣ ምስጢርንም ወደ ሌላ ሰው አፍ ያዛውራሉ።

ስብሰባው አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን፣ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ደብተሩን ለማረም ይዋሉ። ከዚያ አንድ ትዕይንት ብቻ ምረጡ፣ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ፣ በተለይ የምክር ቤት ስብሰባ ወይም የራት ግብዣ፤ ጮክ ብላችሁም አንብቡት። ይህን ክፍል አደራ አትዝለሉት። ስታነቡ ጠይቁ፦ እያንዳንዱ ሰው በሩን ሲያልፍ ምን ፈልጎ ነበር? መጀመሪያ የተናገረው ማነው? የተጠየቀውን ትቶ ሌላ የመለሰውስ? ማን ስሙ ሲነሳ ዝም አለ? ማን ቀድሞ ወጣ? ለምሳሌ እንደራሴው «ወራሹ እንዴት አደሩ?» ብሎ ሲጠይቅ ሐኪሙ «መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ወስደዋል» ቢል፣ ጤናቸውን አልተናገረም። ይህን የማምለጫ መልስ ለመስማት ገጹን በፍጥነት ማንበብ አይበቃም። ወይን የሚቀዳው አሽከርም ይቆጠር። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ ሰምቷል፤ ጥሩ ደራሲ አሽከሩን በአንድ ሐረግ ብቻ ጠቅሶት ከመቶ ገጽ በኋላ ይመልሰዋል።

ስለ ገጸ ባሕርያት ስታወሩ ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ለዩ፦ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይፈራል፣ ለማን ባለዕዳ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ቡድን ይረሳዋል። ዕዳው ብድር ሊሆን ይችላል፣ ሹመት፣ መያዣ ሆኖ በሌላ ግቢ የሚያድግ ልጅ ወይም የታጨች እህት። ከዳ የተባለ ሰው ዕዳው ሲታይ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያውም የሌላው ወገን ሆኖ ይገኛል። ክፉ ነው ደግ ነው የሚለውን ክርክር አልከለክልም፣ ደስ ይላልና፤ ግን በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ይሁን።

ዙፋኑ ለማን ይገባል የሚለው ክርክርም ጊዜ ይበላል። ምክንያቱ የመጽሐፉ የውርስ ሕግ አለመጻፉ ነው። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በአንድ መስመር አስቀምጡት፦ የበኩር ልጅ ነው የሚወርሰው፣ ወንድ ብቻ ነው፣ መኳንንት ይመርጣሉ፣ ወይስ ንጉሡ የሾመው? ከሥሩ ሕጉን የማይቀበለው ማን እንደሆነ። ከዚያ አራት ነገሮችን ለያይታችሁ ተከታተሉ፦ መብቱ፣ ጦሩ፣ ግምጃ ቤቱና ማኅተሙ በማን እጅ ናቸው? አራቱም በአንድ ሰው እጅ ከሆኑ ሴራ አይኖርም።

አስማቱን ለብቻው መርምሩት። ማን ይችላል፣ ምን ያስከፍላል፣ በግቢው ውስጥ መኖሩን ማን ያውቃል? ውሸትን የሚለይ ኃይል ካለ ተጠርጣሪዎቹን ለምን ፊቱ አያቆሟቸውም? ጥሩ ደራሲ መልስ አለው፦ ዋጋው ከባድ ነው፣ ባለኃይሉ ራሱ ወገን አለው፣ ወይም ኃይሉ የሚለየው ተናጋሪው ማመኑን እንጂ የተናገረው እውነት መሆኑን አይደለም። በሦስተኛው ሁኔታ ውስጥ የተታለለ ሰው ሐሰቱን በንጹሕ ልብ ተናግሮ ያልፋል፤ ደብተሩ ላይ ግን አሁንም «ተነገረ» እንጂ «ታየ» አይባልም። መልስ ከሌለው የድርሰቱ ቀዳዳ ነው፣ እንደዚያው በሉት። ትንቢት ሲመጣ ቃሉን ሳትለውጡ ገልብጡት፣ ያስተላለፈውንም ሰው ጻፉ። ይፈጸማል አይፈጸምም ከማለት ይልቅ በግቢው ውስጥ ማን እየተጠቀመበት እንደሆነ መጠየቅ ብዙ ያስገኛል።

ግምት መገመት ከወደዳችሁ እያንዳንዱ ግምቱን ከሁለት የምዕራፍ ማስረጃ ጋር ጽፎ አጥፎ ያስቀምጥ። ምስጢሩ ሲወጣ ማን አገኘው ብላችሁ አታቁሙ፤ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ምልክት ነበረ ወይ ብላችሁ ፈልጉ። ሁለት ሦስት ምልክት ካገኛችሁ ደራሲው በንጹሕ ተጫውቷል። ሐሳቡን ከውስጥ የምንከታተለው ሰው ምስጢሩን እያወቀ ትረካው ከደበቀብን ግን ተገቢ ነው አይደለም የሚል ክርክር ይነሳል። ለእሱ ሙሉ ግማሽ ሰዓት ስጡት፣ ያዋጣል።

ከመጨረሻው ስብሰባ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ድጋሚ አንብቡ። ሁለተኛ ቅጽ ካለው ደግሞ በደብተሩ ላይ «ተጠረጠረ» ተብለው የቀሩትን መስመሮች ብቻ በአንድ ገጽ ገልብጡና በአዲሱ ቅጽ የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ አንብቧቸው። በሁለቱ ቅጾች መካከል ብዙ ወራት ካለፉ ሰው የሚረሳው በዓይኑ ያየውን ሳይሆን እነዚህን ነው።