ለደብረ ብርሃን ብርድ በእጅ የሚሰፋ የበር መጋረጃ

እህቴ፣ እንኳን ወደ ደብረ ብርሃን በደህና መጣሽ። የተከራየሽው ቤት በብረት በሩና በመስኮቱ ንፋስ እያስገባ አስቸግሮሻል። አሮጌ ጋቢና ቁርጥራጭ ጨርቅ ደራርቤ ብሰፋና ብሰቅል ይረዳኛል ወይ ብለሽ ነው የጠየቅሽው። አዎ፣ በጣም ይረዳል! ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጩ አይጣል ነው። እኔ ቤት በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ይሰቀላል፣ የካቲት ላይ ይወርዳል። ብዙ ሰው ግን ስለ ውፍረቱ ብቻ ይጨነቅና ዳር ዳሩን ይረሳዋል። ብርዱ የሚገባው በዳር ነው።

መጀመሪያ ንፋሱ በየት እንደሚገባ እወቂ። ምንም ሳትሰቅዪ፣ ማታ ንፋሱ ሲነሳ እጣን አጭሰሽ ማጨሻውን በበሩና በመስኮቱ ጠርዝ ቀስ እያልሽ አዙሪ። ጭሱ ወደ አንቺ ከተገፋ ቀዳዳው እዚያ ነው። የመስኮቱ ብረት ከግድግዳው የሚገናኝበትን ስንጥቅ በጄሶ ድፈኚው፤ ለሱ ጨርቅ አታባክኚ።

ወደ ስፌቱ ስንመጣ፣ ጋቢ ሙቀት ይይዛል እንጂ ብቻውን ንፋስ አያቆምም፤ ሽመናው ልል ነው። ስለዚህ በበሩ በኩል ሸራ ወይም ሌላ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ አድርጊ። መሃል ላይ ጋቢው ይግባ። ወደ ክፍሉ በኩል ቁርጥራጩን ገጣጥመሽ እንደወደድሽ አሳምሪው። ከዚያ ሦስቱንም በየስንዝሩ በወፍራም ክር ወጋ ወጋ አድርጊያቸው። አለበለዚያ ጋቢው በክብደቱ ይንሸራተትና ታች ይከመራል። ክሩን ግን አታጥብቂ። የሚያሞቅሽ በድርብርቡ መሃል የተያዘው አየር ነው፤ ጨምቀሽ ከሰፋሽው አየሩ ይወጣል። የመንዝ ባና ካገኘሽ በጋቢው ፈንታ እሱን አስገቢ፤ የበግ ጸጉር እርጥበት ቢነካውም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ብል እንዳይበላው ብቻ አልፎ አልፎ ፀሐይ ላይ አስጪው።

ስፋቱ ከበሩ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ስንዝር ይለፍ። ቁመቱ መሬት ይንካ። የታችኛው ጠርዝ ላይ ረጅም ኪስ ሰፍተሽ አሸዋ ሙይበት፤ ያኔ ንፋሱ አያነሳውም። ኪሱን በየክንዱ ስፊና ከፋፍዪው፣ አሸዋው ወደ አንድ ጎን እንዳይሄድ።

መስኮት ላይ የምትሰቅዪውን ጠዋት ጠዋት ግለጪው። የሌሊት ትንፋሽ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ውሃ ይሆናል። ጨርቁ ቀኑን ሙሉ እዚያው ከዋለ ይሻግታል።

አሁን የምነግርሽን አደራ እንዳትረሺ። ቤቱን እንዲህ ከደፈንሽ በኋላ የከሰል ምድጃ አስገብተሽ እንዳትተኚ። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ቡና ስታፈዪም መጋረጃውን ሰብስበሽ በሩን ክፈቺው፤ ስትጨርሺ ምድጃውን ከነፍሙ ውጭ አውጪው። እጣኑንም እንደዚያው።

የበርሽን ስፋትና ቁመት ለክተሽ ጻፊልኝ፣ ስንት ሜትር ሸራ እንደሚበቃሽ አሰላልሻለሁ።