ኦነርስ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

የወንድሜ ልጅ ሰሞኑን ደወለችልኝ። አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል፤ ደብዳቤው ላይ ደግሞ ለኦነርስ ፕሮግራምም ተመርጠሻል የሚል መስመር አለ። «ጋሼ፣ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ። በስልክ ያልኳት ስለተዘበራረቀብኝ፣ ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ረጋ ብዬ ጻፍኩት።

ቃሉ አያደናግራችሁ። አውስትራሊያ ውስጥ ኦነርስ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ዓመቱ ዲግሪ በኋላ የሚጨመር የምርምር ዓመት ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን በዚያው ዲግሪ ውስጥ ለጎበዝ ተማሪዎች ለብቻ የተከለለ መንገድ ነው። ስዋርትሞር ኮሌጅ በ1922 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው፣ ፕሬዚዳንቱ ፍራንክ አይድሎት ኦክስፎርድ ተምረው ያዩትን ነው ያመጡት። ትንሽ ሴሚናር፣ ብዙ ክርክር፣ መጨረሻ ላይ ከውጭ የሚመጣ ፈታኝ። ዛሬ ሁሉም የየራሱ ደንብ አለው።

ጥቅም አለው፣ አልዋሽም። ክፍሉ ጠበብ ስለሚል መምህሩ ስማችሁን ያውቃል፤ ጥቅሙ የድጋፍ ደብዳቤ ስትፈልጉ ይገባችኋል። ብዙ ቦታ ከሌላው ቀድማችሁ ኮርስ ትመዘግባላችሁ። ይህን አትናቁት፣ የሞላ ኮርስ ስንቱን ሰው ምረቃ አዘግይቷል! በሌላ በኩል አማካይ ውጤታችሁ (ጂፒኤ) ከተወሰነ ነጥብ በታች ከወረደ ትወጣላችሁ። ከፕሮግራሙ ላለመውጣት ብለው ከባድ ኮርስ የሚሸሹ የኦነርስ ተማሪዎች አውቃለሁ። ጉድ እኮ ነው።

እኔ የገባሁት ለስሙ ነበር። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ኮንክሪት ውስጥ ስላለ ብረት ዝገት ለቴሲሴ (ለመመረቂያ ምርምሬ) ሦስት ገጽ ፕሮፖዛል ጽፌ አድቫይዘሬ ቢሮ ሄድኩ። ርዕሱን የመረጥኩት እሳቸው የሚሠሩበት ስለሆነ ብቻ ነው። ወረቀቱን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉትና «ሳታየው ንገረኝ፣ ምንድን ነው ማወቅ የምትፈልገው?» አሉኝ። የወረቀቱን ነጭ ጀርባ እያየሁ ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። በዚያው ሴሚስተር ከኦነርሱ ወጣሁ።

በተረፈኝ ጊዜ ላብራቶሪ ውስጥ የኮንክሪት ናሙና መስበር ጀመርኩ። ከአንድ ቅይጥ የተቀዳ፣ እኩል 28 ቀን የቆየ፣ ግን አንዱ ከሌላው ቀድሞ ይሰበራል። ለምን? እንቅልፍ ነሳኝ። ለቴሲስ የሚሆነኝ ጥያቄ ይኸው ነበር፤ የመጣው ግን ከወጣሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ ለልጅቷ ያልኳት፣ አንድ ጥያቄ ይዘሽ ዓመት መክረም ያስደስትሽ እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ ነው። ለስሙ ከሆነ ይቅርብሽ፤ በሥራ ዘመኔ ኦነርስ ነበርክ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ቀጣሪ የለም። ማስተርስና ዶክትሬት ለሚያስብ ግን የምርምር ልምዱ በጣም ይጠቅማል። ከዚያ ደግሞ የኦነርስ ኮርሶቹ ለዋናው ትምህርትሽ ይቆጠራሉ ወይስ በላዩ የሚጫኑ ናቸው? ብትወጪ ስኮላርሺፑ አብሮ ይሄዳል? እነዚህን ቢሮውን ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙ ውስጥ ያሉትን ተማሪዎች፣ በተለይ ደግሞ ትተው የወጡትን ጠይቂ።

ስኮላርሺፑ ከፕሮግራሙ ጋር እንዳልታሰረ አጣርታለች። አሁን ሁለት የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ልታነጋግር ቀጠሮ ይዛለች። አንዷ ቴሲስ እየጻፈች ነው፣ አንዱ ሁለተኛ ዓመት ላይ ትቶታል።