መልስ፦ «ለበጎ ነው» ሲሉኝ ለምን ይብስብኛል?

እህቴ፣ ሱባኤ ገብተሽ የለመንሽው ሥራ ለሌላ ሰው ሲሰጥ «ለበጎ ነው» መባሉ ቢያናድድሽ አልፈርድብሽም። እናቴን የቀበርኩ ሳምንት ድንኳን ውስጥ ይህንኑ ሲሉኝ ንፍሮው ጉሮሮዬ ላይ ቀርቷል።

እስቲ ዮሴፍን አስቢው። በ17 ዓመቱ ወንድሞቹ ሸጡት፤ ፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ ነው። መሃል ላይ 13 ዓመት! እስር ቤት አብሮት የነበረውን የፈርዖንን የጠጅ አሳላፊ «አስታውሰኝ» ብሎ ተማጸነው፤ ሰውዬው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ረሳው። (ዘንድሮ ቢሆን ስልክም አያነሳለትም።) እስር ቤት ሳለ የእግዚአብሔርን ዕቅድ የነገረው የለም። ግን ጠዋት የእስረኞቹን ፊት አይቶ «ምነው ከፋችሁ?» ብሎ ጠየቀ። «ለበጎ ነው» የሚለውንም የተናገረው ራሱ ነው፤ ያውም ከስንት ዓመት በኋላ፣ ወንድሞቹ ፊት።

አንቺም ዛሬ «ለበጎ ነው» ለማለት አትቸኩይ። ጸሎቱን ብቻ አታቋርጪ፣ ተቆጥተሽም ቢሆን።